ክሬሙን የሚያውቅ እጅ
ኬክ ማስዋብን ቤታቸው ለሚጀምሩ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ኬክ መጋገር ለሚችሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ግን የባለሙያ ብቻ ለሚመስላቸው ሰዎች ነው። ኬኩ ኩፍ ይላል፣ ይበስላል፣ ይጣፍጣል። ሊያስውቡት ሲነሡ ክሬሙ ይፈስሳል፣ ፍርፋሪው እየተላቀቀ ነጩን ያቆሽሸዋል፣ ጽሑፉ ቁልቁል ይንሸራተታል። ያን ጊዜ «ለዚህ የሚሆን እጅ የለኝም» ብለው ይተዉታል፤ ለሚቀጥለው ልደት ከኬክ ቤት ያዛሉ። እኔ ይህን አባባል ከቶ አልቀበለውም። አብዛኛውን ጊዜ የጎደላቸው አንድ እውቀት ነው፦ ክሬም በየትኛው ሙቀት ምን ጠባይ እንደሚያሳይ ማወቅ። ኬክ ማስዋብ ከሁሉ አስቀድሞ የሙቀት ጉዳይ ነው፤ አበባውና ጥልፉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

«ምን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚመጣ ከእሱ በቶሎ ልገላግላችሁ። አንገቱ ጎበጥ ያለ ስፓቱላ፣ ወንፊት፣ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ፣ ጥቂት የክሬም ከረጢት፣ ሁለት ኖዝል (ክሬሙ የሚወጣበት የከረጢት ጫፍ)፤ አንዱ ባለ ኮከብ፣ አንዱ ባለ ጠባብ ክብ ቀዳዳ። ኬኩን አስቀምጠው የሚያሽከረክሩበት ማዞሪያ ከተገኘ ሥራውን በጣም ያቀልላል፤ ተጨማሪ ገንዘብ ካላችሁ ለእሱ አውጡት። የጎን ማስተካከያ ባይኖር ንጹሕ የብረት ማስመሪያ ይተካዋል። በደርዘን የሚቆጠር ኖዝል የታጨቀበትን ሳጥን አሁን አትግዙ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጀማሪ የሚጠቀመው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ነው።

ከኬኩ ራሱ እንነሣ፤ ጠማማ ኬክ ላይ ቀጥ ያለ ክሬም አይተኛምና። የምንከተላቸው የአሠራር መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ዝቅ ባለ ቦታ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ይለጠጣል። ኬኩ ሳይጠና ቶሎ ኩፍ ይልና መሐሉ ይሰምጣል። እርጥበቱም ፈጥኖ ስለሚተንን ይደርቃል፤ የደረቀ ኬክ ደግሞ ስፓቱላ በነካው ቁጥር ይፈረፈራል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ከተጻፈው መጠን በሩብ ያህል ቀንሱ፤ ወተቱን ወይም ውሃውን በአንድ በሁለት ማንኪያ ጨምሩ፤ የኦቨኑን ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉ። ድሬዳዋ ላላችሁ ከተማችሁ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ማስተካከያው ከዚህ ያንሳል፤ የእናንተ ፈተና ሌላ ነው፣ እሱን ቅቤው ላይ ስንደርስ እናነሣዋለን።

ኬኩ ከኦቨን ከወጣ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ላዩን ሲነኩት የቀዘቀዘ ይመስላል፤ መሐሉ ግን ለብ እንዳለ ነው፤ ያች ለብታ ብቻዋን ክሬሙን ታንሸራትተዋለች። ከተቻለ ዋዜማውን ጋግሩት፤ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ያደረ ኬክ ሲቆረጥ ይታዘዛል፣ ፍርፋሪውም ትንሽ ነው። በማግስቱ ላዩ ያበጠውን በዳቦ ቢላው ወደ ጎን እየጋዛችሁ አስተካክሉ። ሁለት ኬክ የምትደራርቡ ከሆነ የላይኛውን ገልብጡት፤ በመጋገሪያው ሥር የነበረው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ ይሁን። ሥሩ ምንጊዜም ከላዩ የተስተካከለ ነው፤ ይህች አንዲት ዘዴ የሥራውን ግማሽ ታቀልላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን። ለጀማሪ የምመክረው በተር ክሬም ነው፤ ያልወደዳችሁትን ጠርጋችሁ ወደ ሳሕኑ መልሳችሁ ደግማችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁና። መጠኑ ቀላል ነው፦ 250 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 500 ግራም የተነፋ የዱቄት ስኳር፣ አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ወተት፣ ጥቂት ቫኒላ፣ ቆንጠር ያለ ጨው። ቅቤው በመጀመሪያ ብቻውን ይመታ፤ ቢጫነቱ ለቅቆ ነጣ እስኪል ድረስ። ከዚያ ስኳሩን በሦስት በአራት ጊዜ ከፍላችሁ ጨምሩ። የዱቄት ስኳር ያጣ ሰው ተራውን ስኳር ቤት መፍጨት ይችላል፤ ነገር ግን በወንፊት ሳይነፋ እንዳይጨምረው አደራ። አንዲት ያልደቀቀች ቅንጣት ጠባቡን ኖዝል ትደፍንና እጃችሁ ሲጫን ክሬሙ በሌላ በኩል ይፈነዳል።

ቅቤ ለመመታት የሚመቸው ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በ32 እና በ35 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። የሰው ገላ ደግሞ 37 ዲግሪ ነው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል፤ ከረጢቱን የጨበጠው መዳፋችሁ ብቻውን ክሬሙን ለማቅለጥ ይበቃል። ኮከቡ መጀመሪያ ላይ ጠርዙ ስል ሆኖ ይወጣና ዐሥረኛው ላይ ሲደርስ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። እጃችሁ አልደከመም፤ ክሬሙ ሞቋል። ከረጢቱን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ ጠርዙ መደብዘዝ ሲጀምር ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፉት፣ እጃችሁንም በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በጣቱ ይለካ። ቅቤውን ሲጫኑት ጣት ሳይታገል ይሰምጣል፤ ወጥቶ ሲታይ ግን ቅቤው ላይ የሚያብለጨልጭ ቅባት የለም፤ ልኩ ይህ ነው። በሐምሌ ጠዋት አዲስ አበባ ማድቤት ውስጥ ያደረ ቅቤ ደርቆ ይገኛል፤ ቆራርጣችሁ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። እሳት ላይ አትጣዱት፤ አንድ ጊዜ የቀለጠ ቅቤ ቢረጋም ተመትቶ አየር የሚይዝበትን ኃይል ያጣል። በመጋቢት ቀትር ግን ያው ቅቤ በግማሽ ሰዓት ይላላል። ድሬዳዋ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ያሉ እኅቶቻችን ደግሞ ከቅቤው ሲሶውን ወይም ግማሹን በረጋ የአትክልት ቅባት ይተኩ፤ ከቅቤ ይልቅ ሙቀትን ይችላልና። ጣዕሙ ጥቂት ይቀንሳል፤ ኬኩ ግን እንግዶቹ እስኪመጡ ቆሞ ይጠብቃል።

ክሬሙ ተበላሸ ብሎ የሚጥል ሰው ሳይ በእውነት ያሳዝነኛል፤ ብዙውን ጊዜ አልተበላሸምና። ከፈሰሰ ሞቋል ማለት ነው፤ ሳሕኑን ፍሪጅ ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆይታችሁ ደግማችሁ ምቱት። እንደ አይብ ከተቆራረጠ ቀዝቅዟል ማለት ነው፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ አውጡና ለብ አድርጋችሁ እየመታችሁ መልሱት፣ ይያያዛል። ስለ ለጋ ቅቤም ይጠይቁኛል። ከእርጎ ተንጦ የሚወጣው ቅቤያችን ተነጥሮ ለወጥ ሲውል ወደር የለውም፤ ለክሬም ግን ውሃውና ጠረኑ ስለሚበዛ ቫኒላውን ይሸፍነዋል። እሱን ለወጡ እንተውለት።

ፍሬሽ ክሬም፣ ማለትም የወተት ክሬም፣ ጠባዩ ከበተር ክሬም ተቃራኒ ነው። ቢያንስ 30 በመቶ ቅባት ከሌለው አይቆምም፤ ካልቀዘቀዘም አይመታም። ሳሕኑንና መምቻውን ጭምር ቀድማችሁ አቀዝቅዙ። ለስላሳ ጫፍ ሲያወጣ ቀስ በሉ፤ ከዚያ ጥቂት ካለፈ ይሻክርና ወደ ቅቤነት ይሄዳል። ኬክ ቤቶች የለመዱት የዱቄት ክሬም ከሁለቱ ይልቅ ታዛዥ ነው፤ በጣም በቀዘቀዘ ውሃ ወይም ወተት ከተመታ ቅርጹን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል።

ጾምን ሳላነሣ ባልፍ ንግግሬ ለብዙዎቻችሁ ግማሽ ይሆናል። ልደት ረቡዕና ዓርብ ላይ ይውላል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ለጾም ክሬም ቅቤውን በማርጋሪን፣ ወተቱን በውሃ መተካት ይቻላል፤ ማርጋሪኑን ግን ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ፣ ወተት ያለበት ብዙ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስደስተኝ ግን የሽምብራ ውሃ ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ዦኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ ጥራጥሬ የተቀቀለበት ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ እየተመታ አረፋ እንደሚያወጣ አሳየ። በጥራጥሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ስታርች ወደ ውሃው ስለሚወጣ ነው። ሽምብራ በየቤታችን ይቀቀላል፤ ውሃውን እንደፋዋለን። ያለ ጨው የተቀቀለበትን ውሃ አጥልላችሁ፣ እንደ እንቁላል ነጭ ወፈር እስኪል ድረስ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ ከዚያ ስኳር እየጨመራችሁ በሚክሰር ዐሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ምቱት። ነጭ፣ የሚያበራ፣ ጫፉ የሚቆም አረፋ ይሆናል። የሽምብራው ሽታ ከቫኒላው ጋር ይጠፋል። ካደረ ውሃ ስለሚለቅ ኬኩ በዚያው ቀን ይበላ።

ክሬሙ ከተዘጋጀ ኬኩን ሁለት ጊዜ እንቀባዋለን። የመጀመሪያው ቅብ ኬኩ በውስጡ እስኪታይ ድረስ ስስ ይሁን፤ ሥራው ፍርፋሪውን ይዞ ማስቀረት ብቻ ነው። ስፓቱላው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ያለበት ክሬም ወደ ንጹሑ ሳሕን እንዳትመልሱት፤ ሌላ ጎድጓዳ ሳሕን ከጎናችሁ ይኑር። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሲነኩት ጣት ላይ ካልቀረ ሁለተኛው ቅብ ይቀጥላል፤ አሁን ወፈር አድርጋችሁ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ጎን አውርዱት። ማስመሪያውን ከጎኑ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ እጃችሁ ሳይነቃነቅ ማዞሪያው ይዙር። በመጨረሻም ስፓቱላውን በሙቅ ውሃ ነክራችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ላዩን አንድ ጊዜ ዳስሱት። ብረቱ የያዘው ሙቀት የላይኛዋን ስስ ገጽ ብቻ ያላላትና ጭረቶቹን ያጠፋል። ሙቀት ጠላታችን ነው ስንል ቆይተን እዚህ ላይ ሠራተኛችን አደረግነው።

በእኔ አስተያየት እዚህ የደረሰ ሰው ኬክ ማስዋብ ተምሯል። ምንም አበባ የሌለበት፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ላዩ የተስተካከለ ነጭ ኬክ ከተጨናነቀ ኬክ እጅግ ይበልጥ ያምራል። ጀማሪ ባዶ ቦታን ይፈራል፤ ባየው ክፍተት ሁሉ ኮከብ ይተክልበታል። ባዶውን ተዉት፤ ዓይን የሚያርፍበት ይፈልጋል።

እንግዲህ ከረጢቱን እንያዝ። እንጀራ የሚጋግር ሰው ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሐል ሲያፈስስ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይቆጣጠራል፦ የሊጡን አወራረድ፣ የእጁን ፍጥነት፣ ከምጣዱ ያለውን ርቀት። ክሬም በኖዝል ማውጣትም እነዚሁኑ ሦስቱን ይጠይቃል። ክሬሙ ከእጃችሁ ከፈጠነ መስመሩ ይጨማደዳል፤ እጃችሁ ከክሬሙ ከፈጠነ መስመሩ ይሳሳና ይበጠሳል። ስለዚህ ከመካከላችሁ እንጀራ የሚያሰፋ ሁሉ የሥራውን ከባዱን ክፍል አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚቀረው ማዕዘኑ ነው። ለኮከብና ለጠመዝማዛ አበባ ከረጢቱ ቀጥ ብሎ 90 ዲግሪ ይቁም፤ ለዙሪያ ጠርዝ፣ ለመስመርና ለቅጠል ወደ 45 ዲግሪ ያዘንብል። ሁለት እጅ ሁለት ሥራ አለው፤ የላይኛው ይጫናል፣ የታችኛው ይመራል። ከማንሣታችሁ በፊት መጫን አቁሙ። ኮከቡ ጫፍ ላይ ረጅም ጭራ የሚያበቅለው እየተጫነ ሲነሣ ነው። ልምምዱን ኬክ ላይ አታድርጉት፤ የተገለበጠ ሳሕን ወይም ትሪ ላይ ሥሩ፣ ጥረጉ፣ መልሱ፣ ደግማችሁ ሥሩ። ያንኑ አንድ ከረጢት ክሬም ሌሊቱን ሙሉ መለማመድ ይቻላል።

ይህን ጥበብ በደረጃ ከፋፍሎ ማስተማር የቆየ ታሪክ አለው። በ1840 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ስታገባ የቀረበው ኬክ 300 ፓውንድ፣ ማለትም 136 ኪሎ ያህል እንደነበረ ይነገራል፤ እንዲህ ያለ ሥራ የቤተ መንግሥት ሠራተኞች ድርሻ ነበር። በ1929 (እ.ኤ.አ.) ግን ዲዊ ማኪንሊ ዊልተን ቺካጎ ውስጥ ኬክ ማስዋብን ማስተማር ጀመረ። በስሙ የተመሠረተው ድርጅት ዛሬም ኖዝሎቹን በቁጥር እየለየ ይሸጣል፤ የተከፈተ ኮከቡ 1ኤም፣ የቅጠሉ 352 ይባላል። በ1934 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኬክ አስዋቢው ጆሴፍ ላምቤዝ መስመር በመስመር ላይ እየደራረበ ጎላ ያለ ጌጥ የሚያወጣበትን ዘዴ በመጽሐፍ አሳተመ። ሰሞኑን ወጣቶች የሚወዱት ጠርዙ የተደራረበ የጥንት መልክ ያለው ኬክ ከዚያ የመጣ ነው። የእጅ ተሰጥኦ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትምህርት ቤት ባልተከፈተለት ነበር።

አሁን አንድ አበባ አብረን እንሥራ። ጽጌረዳ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ አደይ አበባ ግን ቀላልና የራሳችን ነው፣ ለእንቁጣጣሽም ይስማማል። ቢጫውን ከመደብር መግዛት አያስፈልግም። የቡና ማንኪያ ጫፍ እርድ በጥቂት ለብ ያለ ወተት በጥብጡ፤ በጨርቅ አጥልሉት፤ ሲቀዘቅዝ ወደ አንድ ስኒ ክሬም በጠብታ ጨምሩ። ሲመታ ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ አትቸኩሉ፣ ቀለም ክሬም ውስጥ ሲቆይ ይደምቃል። እርዱ ከዚህ መጠን ከበዛ ጣዕሙ ይመጣል። 352 ኖዝል ከሌላችሁ የከረጢቱን ጫፍ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በመቀስ በሁለት በኩል ቁረጡት፤ የቀስት ጫፍ ይምሰል። በስቴኪኒ ኬኩ ላይ አንዲት ነጥብ ምልክት አድርጉ። ከነጥቧ ጥቂት ራቅ ብላችሁ ጫኑ፤ ክሬሙ ሰፋ ሲል ወደ ውጭ ጎትቱ፣ መጫኑን አቁሙና ንጠቁት፤ ጫፉ ሾል ይላል። እንዲሁ እያላችሁ ዙሪያውን ጨርሱ። መሐሉን በኮኮዋ ባጠቆራችሁት ክሬም በጥቃቅን ነጥቦች ሙሉት። ሦስት አበባ በአንድ ጥግ፣ ሁለት አረንጓዴ ቅጠል፣ ሌላው ነጭ፤ ይበቃል። ጠርዙን ማስጌጥ ለሚፈልግ ደግሞ ከቀሚስ ጥለት የተሻለ መምህር የለም። የጥለቱን መስቀልና መስመር በወረቀት ቀድታችሁ፣ ቦታ ቦታውን በስቴኪኒ ወግታችሁ፣ በክብ ኖዝል ተከተሉት።

ጽሑፉን በአማርኛ ጻፉት። ፊደላችን ለክሬም የራሱ ፈተና አለው፤ «መ» እና «ም» ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች በወፍራም ኖዝል ከተጻፉ ይደፈናሉ። ስለዚህ ኖዝሉ ጠባብ፣ ፊደሉ ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁመት ይሁን። «መልካም ልደት» አራት ፊደልና ሦስት ፊደል ነው፤ በሁለት መስመር ብትከፍሉት ይመቻል። ቀድማችሁ በስቴኪኒ ጫሩት፤ ከተንጋደደ በስፓቱላ ዳስሳችሁ ታጠፉታላችሁ። የሚጻፍበት ክሬም ከሌላው ጥቂት ይቅጠን፤ በግማሽ ማንኪያ ወተት ይላላል። የኬኩ ገጽ ግን በደንብ የቀዘቀዘ ይሁን፤ በቀዘቀዘ ገጽ ላይ የተሳሳተ ፊደል ገጹን ሳያቆሽሽ በቢላ ጫፍ ይነሣል።

ስለ ጤናና ስለ እምነት ሦስት ነገር አደራ ልበላችሁ። ከአበባ መሸጫ የተገዛ ጽጌረዳ ኬክ ላይ አይሰካ፤ ለጌጥ የሚያድግ አበባ ፀረ ተባይ መድኃኒት ይረጭበታል። ካላ ሊሊን የመሰሉ አበቦች ደግሞ ራሳቸው መርዛማ ናቸው። የሚያብለጨልጭ ዱቄት ስትገዙ እቃው ላይ ለምግብ የሚሆን መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ «መርዛማ አይደለም» የሚል ብቻ ከሆነ ለወረቀት ሥራ ሊሆን ይችላል። ፎንዳንት (ኬክ የሚሸፈንበት የስኳር ሊጥ) እና ማርሽማሎው ውስጥ ብዙ ጊዜ ጄላቲን ይገባል፤ ጄላቲን በአብዛኛው ከከብት ወይም ከአሳማ የሚገኝ ስለሆነ ለጾመኛ አይሆንም፤ ለሙስሊም እንግዳም ምንጩን ሳታጣሩ አታቅርቡ።

በተር ክሬም የተቀባ ኬክ ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ከመቆረሱ ከአንድ ሰዓት በፊት አውጡት፤ ቀዝቃዛ ቅቤ አፍ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ጣዕሙም ይደበቃል። ፍሬሽ ክሬም ያለበት ግን እስከ መቆረሻው ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። በመኪና የምትወስዱት ከሆነ እግራችሁ ላይ አታስቀምጡት፤ የገላችሁ ሙቀት ከሥር ይደርሰዋል። ከመቀመጫው ፊት ያለው ጠፍጣፋ ወለል ይሻላል።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ከረጢት ክሬምና የተገለበጡ ሳሕኖች ተዘጋጅተዋል። እጃችሁን በዚያ ማዶ ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ታጥባችሁ ስድስት ስድስት እየሆናችሁ ኑ፤ ክሬሙ ከወጣ ሃያ ደቂቃ ሆኖታልና ከፊት ረድፍ ያላችሁ ቶሎ ብትጀምሩ ጥሩ ነው።